አርባው ቀንና የአሶሳ መንገድ

ልጅ ክርስትና ለማንሣት ቃል ገብቶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው እንደ ሌላው መንገደኛ አይደለም። ነጋዴ ቢዘገይ ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል፤ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደም ሰው አንድ ቀን ቢያልፈው ይቅርታ ብሎ ይገባል። የክርስትና አባት ግን ቀኑ አስቀድሞ ተቈጥሮለታል። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅም በተወለደች በ80 ቀኗ ወደ ጥምቀት ይቀርባሉ፤ ይህንንም ቀን ዳገት ወይም ጭቃ ወይም የመኪና ብልሽት ወደ ኋላ አይገፋውም። በ1992 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ባደረግነው ጉዞ ይህን በሚገባ ተምረነዋልና ለክቡራን አንባብያንና ለቤተ ሰቦቻቸው እንዳለ እንተርከዋለን።

የጉዟችን ምክንያት ይህ ነው። አብሮ አደጋችን የሆነ አንድ መምህር በአሶሳ ከተማ ያስተምር ነበር። የበኵር ልጁ በተወለደ በ32 ቀኑ ታሞ በአንድ ሌሊት ዐረፈበት፤ ካህን ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልተገኘም። ሕፃን በጠና የታመመ እንደ ሆነ አርባው ቀን ሳይጠበቅ ሊጠመቅ እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በማታ ጡት ሲጠባ ያመሸ ልጅ ለንጋት እንደማይደርስ ማን ያውቃል? እናቲቱ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ሰው ቤት ለክርስትና ድግስ ስትጠራ አትሄድም ነበር። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ሚያዝያ 12 ቀን በተወለደ ጊዜ አባቱ የጻፈልን ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። «ግንቦት 21 ቀን አርባ ይሞላዋል። ክርስትና የምታነሣው አንተ ነህ። እናቱ ሌላ ሰው አትፈልግም፤ ቀኑም አንዲት ጀንበር እንዲያልፍ አትፈልግም» ይላል። ግንቦት 21 የእመቤታችን የደብረ ምጥማቅ በዓል መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። እናቲቱም ይህን እንዲሁ የገጠመ ነገር ነው ብላ አላሰበችውም።

ወደ አሶሳ አውሮፕላን ይበር ነበር፤ የሁለት ሰው ዋጋ ግን ለእኛ ኪስ የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከባለቤታችን ጋር ቦታ አገኘን። መንገዱ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከነቀምት ወዲያ በዚያን ጊዜ ጠጠርና አፈር ነበር። ዓርብ ግንቦት 18 ቀን ገና ሳይነጋ ስንነሣ፣ ቅዳሜ ማታ እንገባለን፤ እሑድንም ለክፉ ቀን ትርፍ አድርገን እንይዘዋለን ብለን ነበር። ነጂውም «እሑድ አሶሳ ያስቀድሳሉ፣ ጋሼ» ብሎ ልባችንን አሳረፈው። ከእኛ ጋር በጋቢናው የተቀመጡት አራተኛ ሰው ዐይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ መጥተው፣ የሼህ ሆጀሌ ቤት ባለበት በጉለሌ በዘመድ ቤት ሰንብተው ወደ አሶሳ አገራቸው የሚመለሱ አንድ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ ከነቀምት በፊት ከዐሥር ቃል በላይ አልተናገሩም። ረዳቱ ዕድሜው ከ16 የማይበልጥ ልጅ ነው፤ በጭነቱ ላይ ሸራ ተከናንቦ ይሄዳል። በባለቤታችን ጕልበት ላይ ያለው ዘንቢል የሕፃኑን ነጭ የጥምቀት ልብስ፣ ማተቡን ከነመስቀሉ፣ ደግሞም ለስንቅ የሚሆን ዳቦና በሶ ይዟል።

በመጀመሪያው ቀን ጎማ ሁለት ጊዜ ተነፈሰብን። ጎማ ማንንም ያጋጥማልና ስለ እርሱ ብዙ አንናገርም። አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። መኪና በመንገድ ላይ ሲቆም ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ በሌሊት የሚመጣ ሌላ መንገደኛም ይሰበርበታል። የእኛን ረዳት ወርዶ እንዲያነሣ ባስገደድነው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ትቶት የሚሄደውን ድንጋይ ስለ ምን እኔ እለቅማለሁ በሚል ዓይን አየን። ነቀምት የገባነው እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከነቀምት ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወረድን። ደገኛ ሰው በዚያ ቍልቍለት ሲወርድ ልብሱን አንድ አንድ እያለ ያወልቃል፤ ሙቀቱ ከሸለቆው እንደ ምድጃ እንፋሎት ይመጣል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጊምቢ ዳገቱን ስንጀምር ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጢስ ወጣ፤ ራዲያተሩ ፈልቶ ውኃውን በአንድ ቀጭን ቀዳዳ ይተፋ ነበር። ረዳቱ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ጣለ፤ ነጂውም ወርዶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከተ በኋላ ወደ ባለቤታችን ዘወር ብሎ፣ «እትዬ፣ በሶ ይዛችኋል?» ሲል ጠየቀ። ተርቦ ነው ብላ ዳቦ ጨምራ ልትሰጠው ነበር። እርሱ ግን ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከወንዙ በጀሪካን በተቀዳው ውኃ ውስጥ ሁለት እፍኝ በሶ በትኖ በራዲያተሩ አፍ አፈሰሰው። በሶ በሙቅ ውኃ ያብጣል፤ ውኃውም በቀዳዳው ለመውጣት ሲገፋ ያበጠውን ዱቄት ይዞ ሄዶ ቀዳዳውን ይወትፈዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠብታው ቆመ። «ጋራዥ ስገባ አጥበዋለሁ፤ አለበለዚያ ቀጫጭኑን ቧንቧ ሁሉ ያንቀዋል» አለ። እኛም ለሁለት ቀን የያዝነው ስንቅ ከሰው ይልቅ ለመኪናው የሚያስፈልግ መሆኑን አይተን የቀረውን በሶ አስረከብነው።

በዚያ ቆይታ ነጂውና ረዳቱ ሲነጋገሩ ያደመጠ ሰው የሚናገሩት ቋንቋ ምን እንደ ሆነ ይጠራጠራል። ጋቢና፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፤ ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ይዞ ወይም ተቀምቶ ሄደ፤ ይህን ግን በጋራዥ ውስጥ ረስቶልን ቀረ።

ከነጆ አልፈን ወደ መንዲ ስንጓዝ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ከበታቻችን እንደ ጠመንጃ ተኵስ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናውም ወደ ቀኝ ተንጋደደ። ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት ተቀስተው አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ የብረት ልሳኖች ናቸው፤ የመኪናውን ሸክም ተሸክመው ከጎማው ጋር የሚያስማሙት እነርሱ ናቸው። ከነዚህ ዋናው ተሰብሮ ነበር። ትርፍ ባሌስትራ አልነበረም፤ ምሽትም መጣ፤ ዝናብም ያጕረመርም ጀመር። ባለቤታችን አንድም ቃል ሳትናገር ዘንቢሉን ከጋቢናው ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ትርፍ ብለን የያዝናት እሑድ ገና ሳትገባ ከእጃችን ወጣች።

በመንገዱ ዳር እሳት ተቀጣጠለ። ነጂው አንገቱን ደፍቶ ስለ ነበረ፣ ልቡን ለማጽናናት ያህል፣ በዚህ አገር መኪና ያስቸገረው እርሱን ብቻ እንዳልሆነ ነገርነው። ከአሶሳ በስተ ሰሜን ከዓባይ ማዶ መተከል ይገኛል፤ ዛሬ የሕዳሴው ግድብ ከቆመበት ከጉባ ወደ ሰሜን ዘልቆ በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ አለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማችንን የሰቀሉት በዚያች ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ መድረስ ነበረባቸው፤ በመካከሉ ግን መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት በኮምፓስ እየመራ የጭነት መኪኖቹን ወደ ዱሩ አስገባቸው፤ ዛፍ እየተቈረጠ፣ ድንጋይ እየተነሣ፣ መኪናው ከፈፋው እየተገፋና እየተጐተተ የንጉሠ ነገሥቱ ጉዞ ቀጠለ። በላያ የደረሱት ጥር 29 ቀን ነው። በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ የማይሞላው ስፍራ ዐሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ግመሎች ደግሞ ለዚያ ዳገት ያልተፈጠሩ ስለ ነበሩ በመንገድ ላይ አለቁ፤ ኋላ የሚመጣው ሰው ያለ ኮምፓስ በበድናቸው ሽታ እየተመራ መንገዱን ያገኝ ነበር ይባላል። ከስደት ከተመለሱት አባቶች አንዱ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የሆኑት ናቸው።

ነጂው ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰምቶ፣ «ንጉሡ ብዙ ገፊ ነበራቸው፣ ጋሼ፤ የእኔ ሠራዊት ይህ ነው» ብሎ ወደ ረዳቱ ጠቆመ። በዚያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት። ከዚያም በተራቸው፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣው ጦር አሶሳን ከጣልያን እጅ ሲያስለቅቅ አባታቸው ያዩትን አጫወቱን። ወታደሮቹ መልካቸው እንደ አገሩ ሰው ጥቁር ሲሆን ንግግራቸው ሩጣንኛም ዓረብኛም አልነበረም፤ የአሶሳ ሕዝብም እነዚህ የማን ዘመዶች ናቸው እያለ በየአጥሩ ሥር ቆሞ ተመለከታቸው። ሽማግሌው ይህን ከነገሩን በኋላ፣ ስለ ሕፃኑ ከባለቤታችን ሰምተው ኖሮ፣ «ቀኑ ሰኞ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ። «ሰኞ ነው፣ አባቴ» አልናቸው። ወደ ተሰበረው ባሌስትራ ተመለከቱና ሌላ አልተናገሩም።

ሲነጋ ሽማግሌው ከእንቅልፋችን በፊት ተነሥተው ወደ መንደሩ ሄደው ነበር። የተመለሱት ጠንካራ ግንድ ከተሸከመ አንድ ገበሬ ጋር ነው። ግንዱ በመጥረቢያ ተጠርቦ በተሰበረው ባሌስትራ ላይ እንደ ሰበራ ጠጋኝ እንጨት ተጋደመ፤ የሚያስረው ግን ብረት ሽቦ አልነበረም። ገበሬው ከሞፈሩ የፈታውን መራን፣ የበሬ ቆዳ ጠፍር፣ በውኃ አርሶ አመጣ። ርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በሸበሸበም መጠን እንደ ብረት ይጨብጣል። ነጂው በክሪክ ጭነቱን አንሥቶ እያጠበቀ ጠመጠመው፤ ፀሐዩም ሥራውን እስኪሠራ እስከ ቀትር ጠበቅን። ገንዘብ በሰጠነው ጊዜ ገበሬው እምቢ አለ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ያለውን ተረጐሙልን፤ «ዛሬ ሰንበት ነው፤ አላርስም፤ በዚህ ሳምንት ግን ዝናቡ ሊጠነክር ነውና መራኔን መልሱልኝ» ማለቱ ነው። እኛም ሰጠነው ቃላችንን፤ ቃል የሰጠነው በተራ ቍጥር ሁለተኛው መሆኑ ነው።

መንዲን አልፈን የዳቡስን ድልድይ የተሻገርነው ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ነው። ከዳቡስ ወዲያ ቀርከሃው ይበዛል፤ የመንገዱ ግራና ቀኝ በነፋስ ሲወዛወዝ የብዙ ሰው ሹክሹክታ ይመስላል። ነጂው በባሌስትራው ምክንያት እንደ ሰው እርምጃ ይነዳ ነበር። በዚህ ላይ ቺንጋው ተበጠሰ። ቺንጋ ማለት ከሞተሩ ጋር እየተሽከረከረ ማቀዝቀዣውን የሚያዞር፣ ውኃውን የሚገፋ፣ ባትሪውንም የሚሞላውን ዲናሞ የሚያንቀሳቅስ የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ያለ እርሱ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይፈላል። ነጂው የሳጥኑን ዕቃ ሁሉ ገለባብጦ ሌላ አላገኘም። ባለቤታችን ወደ ቀርከሃው ውስጥ ዘወር ብላ መቀነቷን ፈትታ መጣችና፣ «ይህ ይሆን እንደ ሆነ» ብላ ሰጠችው። መቀነቱ እንደ ገመድ ተከርሮ ታሰረ። ሁለት ዳገት አወጣን፤ በሦስተኛው ተበልቶ ተበጠሰ። በቀረው ቍራጭ እንደገና ታሰረ፤ ጭራሹን አልያዘም።

ጀንበር ጠለቀች። ነጂው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ዘንቢሉ ተመለከተ። ምንም አልጠየቀም፤ እኛ ግን ዐይኑ የት እንዳረፈ አየን። ነጩ የጥምቀት ልብስ ወፍራምና ጠንካራ ሸማ ነበር፤ ለቺንጋ የሚሆን ጨርቅ ቢፈለግ ከዚያ የሚሻል አልነበረም። እውነቱን ለአንባብያን እንናገራለን፤ እኛም በልባችን አስበነዋል። ልጁ በሰዓቱ ይጠመቅ እንጂ ልብስ ከአሶሳ ገበያ ይገዛለታል አልን። ባለቤታችን ዘንቢሉን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከጋቢናው በዝግታ ወርደው ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ይፈቱ ጀመር። ብዙ ክንድ ነው፤ ፈትተው እስኪጨርሱ ሁላችንም ቆመን ጠበቅናቸው። ለነጂው ሰጡትና፣ «የሕፃኑን አትንካ» አሉት። ሽበታቸው በዚያ ምሽት ራቍቱን ሲሆን ያየነው በኀፍረት ነበር።

ጥምጥሙ በሦስት ታጥፎ ተከርሮ በውኃ ርሶ ታሰረ፤ ያዘም። ባምባሲ የደረስነው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፤ ከዚያ አሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ቀርቷል። ነገር ግን የጨርቅ ቺንጋ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ዲናሞውን በሚገባ አያዞርም፤ ባትሪውም ያለ ምግብ ሲሠራ እንዳመሸ ሰው እየደከመ፣ መብራታችን ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም ቀላ፣ በመጨረሻም ጠፋ። የናፍጣ ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ ያለ ባትሪም ይሄዳል፤ ከጠፋ ግን የሚያስነሣው የለም። ስለዚህ ረዳቱ በኮፈኑ ላይ ተቀምጦ በእጅ ባትሪ መንገዱን እያበራ፣ ነጂው ሞተሩ እንዳይጠፋ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሣ፣ በየጕብታው እያጣጣርን ተጓዝን። ረዳቱ በዚያ ሌሊት «ቀኝ! ግራ! ጕድጓድ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ሲነጋ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ውዳሴ ማርያሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ጊዜ እንደ ደገምነው አናውቅም።

የአሶሳ የማንጎ ዛፎች በንጋቱ ግራጫ ብርሃን ሲታዩ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በከተማው መግቢያ፣ አንዲት ትንሽ አቀበት ላይ፣ ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ነጂው በመሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ሽማግሌው ባዶ ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቀድመው ወረዱና፣ «በዚህ በኩል አቋራጭ አለ፤ ኑ» አሉን። በሰው ጓሮና በማንጎ ዛፍ ሥር እየመሩ፣ ውሻ እያባረሩ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አድርሰውን ከዚያ ተመለሱ። እናቲቱ ልጇን ታቅፋ በደጀ ሰላሙ ቆማ ነበር። ያየችው ግን እኛን አልነበረም፤ መኪና ከሚመጣበት ወደ ዋናው መንገድ ትመለከት ነበርና ከኋላዋ ስንደርስ አልሰማችንም።

ካህኑ ወደ ምዕራብ አዙረውን ሰይጣንን ስንክድ፣ ወደ ምሥራቅም አዙረውን እምነታችንን ስንመሰክር፣ ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። የነቃው ውኃው ሲነካው ነው፤ ድምፁም እንደ ደኅና ልጅ ድምፅ ነበር። ስመ ክርስትናውን እዚህ አንጽፍም፤ የቤተ ሰቡ ነውና። ከውኃው ሲወጣ በነጩ ልብስ ተቀበልነው። በሳሙና ሦስት ጊዜ የታጠበው እጃችን የሞተሩን ዘይት ጨርሶ አልለቀቀም ኖሮ፣ ከሌሊቱ ሁሉ የተጠበቀው ልብስ በአራት ጣታችን ልክ ጠቈረ። እኛ በሐፍረት ስንሸማቀቅ እናቲቱ አይታ ዝም አለች። ኋላ ግን ለማጠብ የመጡትን ሴቶች ያን ስፍራ እንዳይነኩባት ከለከለች።

ለምሳ ሽማግሌው አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡ። ሥጋው የክርስቲያን ስለ ነበር የቤቱ እመቤት አስቀድማ ለብቻው ዳቦና ቡና አዘጋጅታላቸው ነበር፤ ልጁንም አምጥታ በጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አባቱም አዲስ ጥምጥም ገዝቶ በትሪ አቀረበላቸው፤ እርሳቸውም መርቀው ተቀበሉ። ነጂው ግን በዚያ ቀን አልመጣም፤ ራዲያተሩን ከበሶው ሲያጥብ ዋለ።

ባሌስትራው ማክሰኞ ተሠራ፤ መራኑም በዚያው ዕለት ወደ ነጆ በሚሄድ መኪና ለገበሬው ተላከ። ሐሙስ ዕለት ለመመለስ ወደ ጋራዡ ስንሄድ፣ ከአዲስ አበባ የታዘዘው ቺንጋ አልደረሰም ነበር። ነጂው ኮፈኑን ከፍቶ አሳየን፤ ጥምጥሙ ከነጭነቱ ምንም ሳይቀርለት ጠቍሮ፣ እንደ ተከረረ በቦታው ነበር። «ይዞ ይሄዳል፣ ጋሼ» አለ፤ ረዳቱም ታኮውን ከጎማው ሥር ካነሣ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ድንጋዮቹን ከመንገዱ ለቀመ።